ይክበድ ወይስ ይቅለል

ዓባይነህን በሩቁ የሚያውቀው ሰው ኩራተኛ ይመስለዋል። ኩራተኛ አይደለም፤ ጆሮው ነው። ሃያ ዓመት ከናፍጣ ሞተር ጎን ሲቆም ስለኖረ የቀኝ ጆሮው እንደነገሩ ነው የሚሰማው። ሰላምታ በቀኝ በኩል ከመጣበት ዝም ብሎ ያልፋል። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ካለው ሐበሻ ግማሹ በዚህ የተነሣ ተቀይሞታል። እኔም የመጀመሪያውን ወር ተቀይሜው ነበር፣ ያውም ቤቴን ተከራይቶ እየኖረ።

እኔ ውባንቺ እባላለሁ። ሮም ከገባሁ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ኤስኲሊኖ ካለችው ቤቴ አንዷን ክፍል ለዓባይነህ አከራይቻለሁ፤ ቀን ቀን ደግሞ ፕራቲ ሠፈር ሲኞራ ኢዳ የሚባሉ የዘጠና አንድ ዓመት ባልቴት እንከባከባለሁ። ጣልያንኛዬ ጥሩ ነው። የስደተኛ ወረቀት የሚታይበት ኩዌስቱራም ይሁን ሆስፒታል፣ ሰው ቃል ሲያጥረው የሚደውለው ለእኔ ነው። ቀጠሮ ላይ ሆኜም፣ አውቶቡስ ላይ ሆኜም አስተረጉማለሁ። በዚህ እኮራ ነበር። የኩራት ነገር ከተነሣ ኩራተኛዋ እኔ ነበርኩ።

ዓባይነህ የደሴ መስመር መካኒክ ነበር። የጭነት መኪና መንገድ ላይ ሲቆም ሾፌሮች የሚጠሩት እሱን ነው። ጣርማ በር ዳገት ላይ፣ በዚያ ብርድ፣ መኪና ሥር ተኝቶ ነው ጎልማሳነቱን የጨረሰው። ሚስቱ ስትሞት ልጁ ጽዮን ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እህቱ ቤት፣ ኮተቤ አስቀመጣትና ወጣ። ስለ በረሃውና ስለ ባሕሩ አያወራም፤ እኔም አልጠይቅም። እዚህ ከደረሰ በኋላ አንድ ሽማግሌ ሲያስታምም ቆይቶ የምሕረት ሕግ ወጣና ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ አገኘ። ሽማግሌው ሲሞቱ ፊዩሚቺኖ፣ ቴቬሬ ወንዝ ባሕር ሊገባ ሲል ያለ አንድ የጀልባ ማደሻ፣ ካንቲዬሬ የሚሉት፣ ገባ። ሥራው ከውሃ የወጣ ጀልባ ሥር ተኝቶ የተለጠፈበትን ቅርፊት መፋቅ፣ ከዚያም ቀለም መቀባት ነበር። «መኪና ሥር ተኝቼ ኖሬ ጀልባ ሥር ተኛሁ፤ ከሥር መተኛት አልወጣሁም» ይላል። ሲስቅ ድምፅ የለውም፣ ትከሻው ብቻ ነው የሚነቃነቀው።

ይህን ያህል ዓመት ሮም ኖሮ ጣልያንኛ አለመልመዱ ያናድደኝ ነበር። አንድም ጆሮው ነው፤ አንድም ካንቲዬሬው ውስጥ አብረውት የሚሠሩት ግብፆችና ባንግላዴሾች ናቸው፣ ማን ከማን ይማር። የሚገርመው ግን የመካኒክነት ቋንቋው ሁሉ ጣልያንኛ ነው። ካቻቢቴ፣ ማርሚታ፣ ቺንጊያ፣ ፍሪሲዮን እያለ ነው ያደገው። አማርኛ ይመስሉት ነበር። እዚህ መጥቶ ፈረንጆቹ «ማርሚታ» ሲሉ ሲሰማ «ከእኛ ነው የወሰዱት?» ብሎ ጠይቆኛል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ጽዮን በግንቦት ወር፣ ቅዳሜ ቀን አሥራ ስምንት ዓመት ሊሞላት ነበር። ተርሚኒ አጠገብ የስደተኛ ወረቀት በነፃ የሚሞላ ፓትሮናቶ አለ። ከልደቷ ሦስት ወር በፊት አብረን ሄድን። ጸሐፊዋ ልጅ ትሑት ናት፣ ነገሩን ሳትሸፍን ነገረችን። ልጅቷ ከአሥራ ስምንት በታች እያለች ማመልከቻው ከተላከ አባቷ ሊያመጣት ይችላል፤ ቪዛው ቢዘገይም ግድ የለም። ከሞላት በኋላ ግን ትልቅ ሰው ናት፣ ልጁ መሆኗ ብቻ አይበቃም። ለማመልከቻው ደግሞ ዓባይነህ ያለው የጥቂት ሰዓት ኮንትራቶ፣ የሥራ ውል፣ አይሆንም፤ ሙሉ ኮንትራቶ፣ ያውም የተመዘገበ መሆን አለበት።

ዓባይነህ የካንቲዬሬውን ባለቤት ሬናቶን ለመነው። ሬናቶ ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር የሚያስረዝም ሰው ነው። «አሎራ፣ እናያለን» እያለ ሁለት ወር ከምናምን ወሰደበት። ልደቷ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የካንቲዬሬው የሞተር ሠራተኛ ጥሎት ሄደ። ያን ጊዜ ሬናቶ ዓባይነህን ወደ አንዲት ጀልባ ወሰደውና «ይህችን ከፈወስክልኝ ሞተሪስታዬ አንተ ነህ። በዚያው ቀን ኮንትራቶ እፈርማለሁ» አለው።

ጀልባዋ ጁሊያና ትባላለች፣ አሥራ አንድ ሜትር የምትሆን ባለ ሸራ ጀልባ። ጡረታ የወጡ መምህራን ባልና ሚስት ናቸው ያሏት፤ ወደ ግሪክ ሊሄዱባት ሻንጣ ከጫኑ ቆይተዋል። «ሸራ ካላት ሞተር ምን ይሠራላታል?» ብዬ ጠይቄው ነበር። «ነፋስ ሎሌ አይደለም እኮ እትዬ፣ ሲጠሩት አይመጣም» አለኝ። ሞተሯ ግን ያጨሳል። ከጭስ መውጫዋ ጀምሮ ነጩ ጀርባዋ በሙሉ ጥቀርሻ ነው። ሴትየዋ በሳሙና ታጥባለች፣ አንድ ሰዓት ሳይነዱ ተመልሶ ይጠቁራል። ሁለት መካኒክ አይቷታል። አንዱ ኖዝል ቀየረ፣ ሌላው ፓምፑን ፈታ፣ ፊልትሮ ለወጡ፣ ማርሚታዋን ጠረጉ። ጥቀርሻው እንዳለ ነው።

ዓባይነህ ምንም ሳይፈታ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያዳምጣት ዋለ። በሁለተኛው ቀን ማታ እራት ላይ ፊቱ በርቶ መጣ። «እትዬ፣ ሞተሩ ጤነኛ ነው!» አለኝ።

«ታዲያ ጭሱ ከየት መጣ?»

«ማርሽ ሳይገባ ነዳጅ ብሰጠው አያጨስም። ማርሽ ሲገባ ብቻ ነው የሚያጨሰው። የታመመ ሞተር ቢሆን ሁልጊዜ ያጨስ ነበር። ይሄ የታመመ አይደለም፣ የተጫነው ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ነው።»

ከዚያ እጁን ዘርግቶ ጣቶቹን እያጣመመ አስረዳኝ። ጀልባዋ ሥር ኤሊካ የሚሉት አለ፤ ውሃ ውስጥ የሚሽከረከር ባለ ሦስት ቅጠል ነሐስ ነው፣ ጀልባዋን የሚገፋት እሱ ነው። ቅጠሎቹ በጣም ከተጣመሙ በአንድ ዙር ብዙ ውሃ ይገፋሉ፤ በትንሹ ከተጣመሙ ጥቂት። አምና የድሮው ኤሊካ ወድቆባቸው ሌላ ገዝተዋል። የተገዛው መጣመሙ በዝቷል፤ ሞተሩ ጨርሶ መዞር አቅቶት ያቃስታል፤ ናፍጣው በደንብ ሳይነድ ጥቀርሻ ሆኖ ይወጣል።

«ጣርማ በርን በአራተኛ ማርሽ እንደሚወጣ ኤንትሬ መኪና ማለት ነው» አለኝ። «ጭነት ሞልቶ፣ ዳገት ላይ፣ በአራተኛ! ጥቁር ጭስ ነዋ የሚተፋው። ምንድን ነው የሚሻላት? ከባድ ማርሽ!»

መኪና ነድቼ ባላውቅም ይህን ይህን አውቃለሁ። አጎቴ ሾፌር ነበር። ከባድ ማርሽ ማለት አንደኛና ሁለተኛው ነው፤ ቀስ ይላል፣ ጉልበት አለው። ቁልቁለትና ዳገት ላይ «በከባድ ማርሽ ንዳ» የሚባለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ነገሩ ገባኝ፣ ደስም አለኝ። ያን ማታ ጽዮን ስትደውል «ሮም ምን ይዘሽ ትመጫለሽ?» እያልኩ ቀለድኩባት።

ጀልባዋን በክሬን አወጧት፣ ዓባይነህ ኤሊካውን ፈታና ማልያና ወዳለች፣ ኤሊካ ብቻ ወደምታቃና ትንሽ ኦፊቺና ይዞ ሄደ። ልደቷ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር። እኔ በዚያ ሰዓት ሲኞራ ኢዳን እያጠብኩ ነበር። መታጠቢያው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ፀጉራቸው ሳሙና ነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠብቁኛል። ስልኩ ጮኸ።

«እትዬ፣ ሰውየው የሚለው አይሰማኝም፣ መፍጫው ይጮሃል። እባክዎ ያነጋግሩልኝ» አለና ስልኩን ሰጠው።

የሽማግሌ ድምፅ ነው። «ሲኞራ፣ ይሄ ሰው የኤሊካውን መጣመም በሁለት ኢንች እንድለውጥለት ይፈልጋል፣ እሱ ገብቶኛል። ግን ወዴት? ፒዩ ፔዛንቴ ነው ወይስ ፒዩ ሌጄራ?»

ስልኩን ለዓባይነህ እንዲመልስለት ነገርኩት። «ይክበድ ወይስ ይቅለል ይልሃል» አልኩት።

«ይክበድ!» ብሎ ጮኸ። «ይክበድ ይበሉት እትዬ፣ ከባድ ነው የምንፈልገው!»

ሽማግሌው ተመለሰ። «ፒዩ ፔዛንቴ» አልኩት።

«ሲኩራ?» አለኝ፣ እርግጠኛ ነሽ ወይ ሲል።

ይህች «ሲኩራ» አበሳጨችኝ። ሐበሻ ስለሆነ አያውቅም ብሎ ነው አልኩ በልቤ። «ሰውየው ሃያ ዓመት መካኒክ ነው!» አልኩት።

«ማ ሴ ፉማ...» አለ። ግን የሚያጨስ ከሆነ፣ ማለቱ ነው። ሊቀጥል ነበር። ሲኞራ ኢዳ «በረደኝ» አሉ። እኔም «ሲ፣ ሲ፣ ግራዚዬ፣ ቡዎና ጆርናታ» ብዬ ዘጋሁበት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ያን ቀን ግን እኔ ሮጬ የታጠቅሁት የሰው ልጅ ዕድል ነበር።

ኤሊካው ሰኞ ደረሰ፣ ማክሰኞ ጁሊያና ውሃ ገባች። እኔ አልነበርኩም፤ ከነገረኝ ነው የምነግራችሁ። ባልና ሚስቱ አሉ፣ ሬናቶ አለ፣ ሴትየዋ ለደስታው ኬክ ጋግራ መጥታለች። ወንዙ መሐል ሲደርሱ ዓባይነህ ነዳጅ ሰጠ። ሞተሩ ዞረ ከማለት አቃሰተ ማለት ይቀላል። ከበፊቱ ግማሹን እንኳ ሳይዞር ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ውሃው ላይ ጥቁር ቅባት ተዘረጋ፣ የሙቀቱ ደወል መጮህ ጀመረ። ሬናቶ ሞተሩን አጠፋ። ያን ጊዜ የወንዙ ፍሰት ይዟቸው ሄደና ዳር ከታሰረ ሌላ ጀልባ ጋር ሊያላትማቸው ሆነ። አራቱም በእግራቸው እየገፉ ነው የተረፉት። ጥቀርሻው በሰው ነጭ ሸራ ላይ እንደ በርበሬ ተነሰነሰ። ሴትየዋ አለቀሰች። ሬናቶ ያላለው ነገር የለም።

ወደ ቤት ሲመጣ ፊቱ በጭስ ጠቁሯል፣ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። ወንበር ላይ ተቀመጠና ከኦፊቺናው የተሰጠውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረልኝ። «ያንብቡልኝ» አለኝ።

አነበብኩ። የኤሊካው መጣመም ሁለት ኢንች ተጨምሯል ይላል።

«ተጨምሯል?» ብሎ ብድግ አለ። «እንዴት ይጨምረዋል? መቀነስ ነው እንጂ ያለበት!»

«ይክበድ ነው ያልከው!»

«አዎ፣ ይክበድ!»

«እሱም አከበደው!»

«ይክበድ ማለት እኮ ይቀነስ ማለት ነው!»

«የት አገር ነው ይክበድ ማለት ይቀነስ ማለት የሆነው?»

«በመኪና አገር ነዋ!» አለ።

ሁለታችንም አንድ ቃል ይዘን ስንጮህ ቆየን። በአንድ ጊዜ ሁለታችንም ገባን። በአማርኛ ከባድ ማርሽ ትንሹ ነው፤ ሸክሙን ለሞተሩ የሚያቀልለት። ለኤሊካ ሠሪው ግን ከባድ ኤሊካ ማለት ብዙ ውሃ የሚገፋ፣ ሞተሩን የሚያከብድበት ነው። ዓባይነህ በሽታውን በትክክል አግኝቶ መድኃኒቱን በተቃራኒው አዘዘ። እኔ ደግሞ ቃሉን በትክክል ተርጉሜ ነገሩን ገደልኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ስለ «ማ ሴ ፉማ» ግን አልነገርኩትም። አፌ ላይ መጥቶ ነበር፣ ዋጥኩት። እያፈርኩ ነው የዋጥኩት።

ረቡዕ ጠዋት ሬናቶ ጠራው። ሬናቶ ሌሊቱን አስቦ የሚያመቸውን መንገድ አግኝቷል። «የኦፊቺናው ስሕተት ነው በለኝና ደውዬ ልጩህባቸው። አንተም ነጻ ትወጣለህ፣ ለባለቤቶቹም የምነግራቸው አገኛለሁ» አለው። ዓባይነህ «ኖ» አለ። «ኮልፓ ሚያ።» ጥፋቱ የኔ ነው ማለቱ ነው። የኔን ስም አላነሣም፤ አስተርጓሚ ነበረኝ፣ ስልክ ላይ ነበረች፣ አላለም።

ይህን ሲነግረኝ ተናደድኩበት። «ለምን ውባንቺ ናት አላልክም? እኔ ምን እንዳላጣ ነው?»

«እርስዎ ምን አጠፉ እትዬ? የተባሉትን ነው ያሉት» አለኝ።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሬናቶ የመጨረሻ ዕድል ሰጠው፤ ክሬኑ ሐሙስ ጠዋት ነፃ ነው፣ ኤሊካው ታርሞ ዓርብ ይገባል፣ ከሠራ እፈርማለሁ አለ። ማልያና የመሄዱን ነገር እኔ አብሬ ካልሄድኩ አልኩ። በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲኞራ ኢዳን ለሌላ ሰው ትቼ ወጣሁ። ኤሊካውን የገበያ ጋሪዬ ውስጥ ከተን፣ ሽንኩርትና ድንች በምጎትትበት፣ ከፊዩሚቺኖ አውቶቡስ ይዘን ሄድን። መንገዱን ሁሉ ጋሪውን በሁለት ጉልበቱ መሐል አጥብቆ ይዞ ነበር።

የኦፊቺናው ሽማግሌ አጭር ሰው ነው፣ ክንዱ በሙሉ የነሐስ ብናኝ ነው። አፌን ስከፍት ድምፄን አወቀው። «አንቺ ነሽ የስልኳ ሲኞራ?» አለኝ። ከዚያ ሳይቆጣ፣ እያዘነ፣ «ልነግርሽ ነበር እኮ። የሚያጨስ ከሆነ መቅለል ነው ያለበት ልልሽ ስል ዘጋሽብኝ። ሁለት ጊዜ መልሼ ደወልኩ፣ አላነሣሽም» አለኝ።

እውነት ነው፣ የማላውቀው ቁጥር ሁለት ጊዜ ደውሎ ነበር። ማስታወቂያ መስሎኝ ተውኩት።

ዓባይነህ አጠገቤ ቆሟል። «ምን አለ?» አለኝ።

«ነገ በጠዋት ይደርሳል አለ» አልኩት።

ይህን ዓይነት ትርጉም በሃያ ዘጠኝ ዓመት ተርጉሜ አላውቅም። ከዚያ ዞሬ ሽማግሌውን ለመንኩት፤ የልጅቷን ነገር ሁሉ ነገርኩት። ሌላ ሥራ ገፍቶ ነገ በሁለት ሰዓት ተኩል ኑና ውሰዱ አለን። እጁን ልስመው ምንም አልቀረኝ።

ዓርብ ተከፋፈልን። እሱ ከማልያና ወደ ካንቲዬሬው፣ እኔ በሦስት ሰዓት ፓትሮናቶው በር ላይ። ጸሐፊዋ ቅጹን ሁሉ ሞልታ አዘጋጅታ ነበር፤ የኮንትራቶው መመዝገቢያ ቁጥር የሚገባባት አንዲት ባዶ ቦታ ብቻ ቀርታለች። «እሷ ካልተሞላች ማሽኑ አይልክልኝም። እስከ ሰባት ሰዓት እዚህ ነኝ» አለችኝ። ለቅዱስ እስጢፋኖስ ስንት ነገር ተሳልኩ መሰላችሁ።

ለስድስት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ላይ ስልኬ ጮኸ። ዓባይነህ ነው፣ ይጮሃል። «እትዬ! ዞረ! እስከ ጫፍ ዞረ! ስሚ፣ ስሚ!» እርስዎ ማለቱን እንኳ ረስቶታል። ስልኩን ወደ ሞተሩ ሲያስጠጋው ሰማሁት፤ እኩል፣ ንጹሕ ድምፅ ነው። ሞተሩን አቀዝቅዞ ከጭስ መውጫዋ የሚወጣው ውሃ ነጭ ነው አለኝ። ሴትየዋ አቅፋዋለች። ሬናቶ «ብራቮ» ብሎ ትከሻውን መታው፣ ቃሉንም ጠበቀ፣ እዚያው ቆሞ ፈረመ።

ግን መፈረም መመዝገብ አይደለም። ኮንትራቶ የሚያስመዘግብለት የሒሳብ አዋቂ ሌላ ሰው ነው፣ ቢሮው ኦስቲያ ነው። ሬናቶ ደወለ፣ አይነሣም። ደገመ፣ አይነሣም። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሰውየው ራሱ ደወለለት። ዓርብ ዓርብ በስድስት ሰዓት ይወጣል፣ አሁን ከቤተሰቡ ጋር መንገድ ላይ ነው፣ ሰኞ የመጀመሪያ ሥራው ያደርገዋል። ዓባይነህን ሬናቶን አገናኘኝ ብዬው ሬናቶ ላይ በስልክ ጮህኩበት፣ በራሱ በሮማ አነጋገር ሰደብኩት። «ሲኞራ፣ ሰኞ እኮ ቅርብ ነው» አለኝ። ለእሱ ቅርብ ነው።

ሰባት ሰዓት ሞላ። ጸሐፊዋ ሃያ ደቂቃ ጨመረችልኝ፣ ውሃ ሰጠችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ልጅቷ በሽታ አለባት? በጠና የታመመ ትልቅ ልጅ ከሆነ ሌላ መንገድ አለ» አለችኝ። «ጤነኛ ናት» አልኳት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በዚያች ደቂቃ ጤነኛ በመሆኗ ተናደድኩ። ጸሐፊዋ ቦርሳዋን አንሥታ የብረቱን መዝጊያ አወረደችው። እኔ መንገዱ ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ ሰው በግራ በቀኝ ሻንጣውን እየጎተተ ወደ ባቡሩ ያልፋል።

ኮንትራቶው ሰኞ ጠዋት ተመዝግቦ ደረሰ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ከሰኞ በፊት ግን ቅዳሜ ነበር።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ጽዮን ደወለች። ዓባይነህ ወጥ ቤት ተቀምጦ ከዓርብ ጀምሮ ያልበላውን ምግብ እያየ ነበር። ስልኩን አነሣ። «እንኳን ተወለድሽልኝ» አለና ድምፁ ተሰበረ። ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋው። «እርስዎ ይንገሯት» አለኝ።

ተቀበልኩት። «ስሚኝ የኔ ልጅ» ብዬ ከጀልባዋ ልጀምር አልኩ፣ ከሞተሩ፣ ከክሬኑ። አስቆመችኝ።

«አልተላከም አይደል፣ እትዬ?»

«አልተላከም።»

ከበስተኋላዋ የአክስቷ ልጆች «እንኳን ተወለድሽ» እያሉ ያጨበጭባሉ። ከዚያ በጣልያንኛ፣ ቃል በቃል እየለየች፣ እንደ ተማሪ፣ «ዲካ አ ፓፓ ኬ ኖን ኤ ኮልፓ ሱዋ» አለችኝ።

ክው አልኩ። «ማን አስተማረሽ?»

«ራሴ ነኝ፣ በስልክ። ሁለት ዓመት ሆነኝ። አየር ማረፊያ ሲቀበለኝ ላስደንቀው ብዬ ደብቄው ነበር። ልክ ነው ያልኩት?»

«ልክ ነው» አልኳት። «አንድም አልተሳሳትሽም።»

ዓባይነህ ደኅናውን ጆሮውን ወደ እኔ አዙሮ ያየኛል። «ምን አለች?»

«ጥፋቱ ያንተ አይደለም ነው ያለችው።»

«ታዲያ የማን ነው?» አለ። መልስ ፈልጎ አልነበረም፤ ሰው ሲመረው የሚለው ነገር ነው።

«የኔ ነው» አልኩት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት። ሽማግሌው ሊነግረኝ ጀምሮ እንደነበረ፣ እንደዘጋሁበት፣ መልሶ ሁለት ጊዜ ሲደውል እንዳላነሣሁ፣ ማልያና አጠገቤ ቆሞ ሳለ ዋሽቼ እንደተረጎምኩለት። ስናገር ዓይኑን አላየሁም፣ ሳህኑን ነው የማየው።

ስልኩ በእጄ እንዳለ አልተዘጋም ነበር። ጽዮንም ሰማች። ዓባይነህ ስልኩን ከእጄ ወስዶ ደኅናው ጆሮው ላይ አደረገው።